ዳስ ይጣላል

በአማርኛችን ቤት ይሠራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ዳስ ግን ይጣላል። «እነ እገሌ ቤት ዳስ ተጥሏል» ሲባል የሰማ ሁሉ ሠርግ ወይም ተዝካር እንዳለ ያውቃል፤ ማብራሪያ አይጠይቅም። ባሕር ዛፉ ይቆረጣል፣ ጉድጓዱ ይማሳል፣ ቋሚው ይቆማል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ከላይ ቅጠል ይለብሳል። ሁለት ሦስት ቀን ይበላበታል፣ ይጠጣበታል፣ ይጨፈርበታል። ከዚያ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ በሳምንቱ ቋሚውም ማገሩም ምድጃ ይገባል። ግሡ አልተሳሳተም፤ ዳስ ዕድሜው የታወቀ ነገር ነው። ሕንፃ ባልደረሰበት ገጠር ልጆች የሚማሩበት «የዳስ ትምህርት ቤት» እንኳ ስሙ ውስጥ «ለጊዜው ነው» የሚል ተስፋ አለበት፤ ጊዜው ስንት ዓመት እንደሚሆን የሚያውቅ ባይኖርም።

እኛ ቤት የተፈለገው የማይጣል ዳስ ነው። ለእሱ ደግሞ አንድ ቁርጥ ያለ ስም አላገኘንም፤ የጭቅጭቁ ግማሽ ከዚያ የመጣ ይመስለናል። ታላቅ ወንድማችን «ፔርጎላ» ይለዋል፤ በያጁ «ሼድ» ይለዋል፤ እማዬ «ዳስ» ትለዋለች፤ አባባ ደግሞ «ጥላ» ይላሉ። አራት ሰው አራት ስም ሲጠራ፣ አራት ዓይነት ነገር በልቡ ሥሎ ነው የሚነጋገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ቢሾፍቱ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ አሁንም ደብረ ዘይት የምትሏት። ግቢያችን ከቤታችን ይሰፋል። ከበረንዳው ወደ ደቡብ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ከበረንዳው እስከ ዛፉ ለጤነኛ ሰው አሥራ አራት እርምጃ ነው። አባታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ባሻ» እያለ ይጠራቸዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ይከብዳል። ሐኪሙ «ይራመዱ፣ ቁጭ አይበሉ» አለ። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ግቢውን ከማየት በቀር አይወርዱበትም። «ፀሐይ ነው» ይላሉ። ፀሐይም አለ፤ እውነቱ ግን ከበረንዳው እስከ ዛፉ ድረስ በመሐል እጅ የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ነው። አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ከወደቁ በኋላ የተናገሩት ነገር የለም፤ ዱላቸውን ግን ለሳምንት አልነኩም።

እንግዲህ እኛ ልጆቻቸው፣ ሦስታችን እዚህ አገር፣ ታላቃችን ቨርጂኒያ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ጥላ ይሠራላቸው ብለን ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነበር። ዓይነቱን መምረጥ ሲመጣ ነው ቤቱ የተከፈለው።

ወንድማችን በቴሌግራም ሥዕል ላከ። አራት ነጭ ምሰሶ፣ ከላይ ነጭ የእንጨት ርብራብ፣ ከሥሩ ሶፋ፣ ከሶፋው በላይ በመስመር የተንጠለጠሉ ትንንሽ አምፖሎች። መቼም ያምራል፤ አያምርም አንልም። ከሥሩም «ይህንን ሥሩልኝ፣ ብሩን እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል። «ሥሩላቸው» አላለም፣ «ሥሩልኝ» ነው ያለው። ሰዋስው የምናጠና ሰዎች እንዲህ ዓይነቱ ምዕላድ አያመልጠንም፤ ነገር ግን ብሩን የሚልክ ሰው ላይ የሰዋስው እርማት አይጻፍም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግቢውን ያላየ ልጅ፣ አባቱ የተቀመጡበትን ቦታ በዓይነ ኅሊናው ሲሠራ አብሮ የሚታየው እዚያ ያለው ጓሮ ነው። ምን ይደረጋል።

ግን ሥዕሉ ፀሐያችንን አያውቃትም። ቢሾፍቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በነዚህ በሁለቱ መካከል በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ክረምት ነው፣ ደመና ነው፣ ጥላ የሚጠይቅ የለም። የተቀረውን፣ ማለት በጋውን ሁሉ፣ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ከአናት 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወንድማችን ያለበት አገር ግን 39ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አታውቅም፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከአድማስ በላይ የምትወጣው 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እዚያ በክረምት ፀሐይ ትናፈቃለች። ለዚህ ነው ርብራቡን አሳስተው፣ ቅጠሉ በብርድ ጊዜ የሚረግፍ ሐረግ የሚያስወጡበት፤ በበጋ ያጠላል፣ በብርድ ጊዜ ፀሐይዋን ያሳልፋል። ብልሃቱ ግሩም ነው። እኛ ዘንድ ግን ቅጠል የሚፈለገው በጥርና በየካቲት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አባባ ውጭ መቀመጥ የሚሹት ከምሳ በኋላ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ የምትመጣው ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው። በአራት ምሰሶ ላይ የተጋደመ ርብራብ የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ፣ 10 ሰዓት ላይ ጥላው የሚወድቀው ከተቀመጠው ሰው ላይ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ፣ ጎመኑ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላገላበጥንም፤ አንድ ቅዳሜ አራት አጣና ተክለን፣ ነጠላ ዘርግተንበት፣ በየሰዓቱ ጥላውን በድንጋይ ምልክት አደረግንበት። እማዬ «ነጠላዬን ለጎመን!» እያለች ሳቀች። ለሚሠራ ሁሉ ይህን እንመክራለን፤ ከመቁረጥ በፊት ነጠላ መዘርጋት ነው። ከዚያ ሁለት ነገር ያዝን፦ የላዩን ርብራብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አጋድሞ በጠርዙ ማቆም፣ ከደቡብ ለሚመጣው የበጋ እኩለ ቀን፤ የምዕራቡን ጎን ደግሞ እስከ ወገብ ብቻ ሳይሆን እስከ ላይ በሽቦና በማገር መሸፈንና ሐረጉን እዚያ ላይ ማስወጣት።

(በነገራችን ላይ፣ የስድስት ኪሎው ዋና ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ «ገነተ ልዑል» የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። ገነት በግዕዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በልዑል ገነት ውስጥ እየተማርን፣ ጥላ የት እንደሚወድቅ ግን ከጎመን ነው የተማርነው።)

በያጁ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራውን የሚወድ። ሜትሩን ዘርግቶ «ባሻ፣ በቱቦላሬ እሠራዋለሁ፤ ከላይ ቆርቆሮ እመታበታለሁ፤ ዝናብም አይገባም፣ ሃያ ዓመት አይነቃነቅም» አለ። እማዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና «ቆርቆሮ ሥር በፀሐይ የሚቀመጥ ዳቦ ነው» አለች። ትክክል ናት። ቆርቆሮ ፀሐይዋን ጠጥቶ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋዋል፤ ቅጠል ግን ከሥሩ የሳበውን ውኃ በትንፋሽ መልክ እየለቀቀ ራሱንም ሥሩን ያለውንም ያቀዘቅዛል። ከዛፍ ሥርና ከቆርቆሮ ሥር ያለውን ልዩነት በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

እሷ የምትፈልገው እንጨት ነበር። እንጨቱ ደግሞ ጠላት አለው፤ ምስጥ። የባሕር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ እንዲሁ ከተቀበረ ጥቂት ዓመት ነው የሚቆየው። ሰዉ ጫፉን በእሳት ያጠቁረዋል፣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ጥድ ቢሆን ይቆይ ነበር፤ ግን ከየት ይመጣል? ለሠርግ ዳስ ይህ ሁሉ ጉዳይ አይደለም፤ ምስጡ ሳይሰማ ሠርጉ ያልቃል። እኛ ግን የምንተክለው አንድ ሰው ክብደቱን የሚጥልበት ምሰሶ ነው። መካከሉ ላይ ሲሰበርስ?

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ስንነጋገር አባባ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም አንልም፤ «አባባ ምን ይመስልዎታል?» ተብለው «እናንተ እንዳያችሁት» ብለዋል። ይህች «እንዳያችሁት» ከታመሙ ወዲህ የለመዷት ቃል ናት። ድሮ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ምስማር ያለሳቸው ፈቃድ አይመታም ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ፣ የውኃ ጋኑ መቆሚያ፣ የሽንኩርት መደርደሪያው ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። እኛም በልባችን ጥላ እየሠራንላቸው መስሎን እንጂ፣ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ጥላው እንዳልሆነ ገና አልተገለጠም።

በያጁ ሥዕሉን በስልክ እያሳያቸው «እዚህ መሐል ላይ አራት ምሰሶ፣ ሦስት በሦስት» ሲል፣ አባባ በግራ እጃቸው ስልኩን ገፋ አደረጉት። ጠመኔ አምጡ አሉ። ከታናሻችን የትምህርት ቤት ቦርሳ ተገኘ። በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ፣ በማይለመደው ግራ እጅ፣ የተንቀጠቀጠ ነገር ግን ቀጥ ያለ ሁለት መስመር ከበረንዳው ደረጃ እስከ ዛፉ ሣሉ። መስመሩ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረጉ። እንደ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ክፍል ይሰፋል። ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየፈለጉ «መቀመጫው እዚያ ነው። እዚያ የሚያደርሰኝስ?» አሉ።

ለካስ እኛ ሁላችን፣ ከቨርጂኒያ እስከ ወጥ ቤት፣ የመቀመጫ ጥላ ስንመርጥ እሳቸው የመንገድ ጥላ ነው የፈለጉት።

በያጁ ገባው። «እሺ ባሻ፣ በግራ በኩል መደገፊያ አደርጋለሁ» አለ፤ የሚሠራው እጃቸው ግራው መሆኑን አይቶ። አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ስሄድ ግራዬ በዚህ ነው። ስመለስስ?» ልጁ ቆሞ ዞሮ አየ፤ እኛም ዞረን አየን። ሲመለሱ ግራቸው በሌላው ጎን ነው! መደገፊያው በሁለቱም በኩል መሆን አለበት። ይህን የሚያክል ቀላል ነገር አራት ጤነኛ ሰው ለሁለት ሳምንት ሲመክር አልታየውም፤ ሁለት እጅ ላለው ሰው መሄድና መመለስ አንድ መንገድ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ወርክሾፕ ነበር። መደገፊያው ከየምሰሶው ጋር ሲጋጠም እጅ እንዳያስነሳ ከሥር በሚመጣ ብረት ይያዝ አሉ፤ «እጄን ላነሳ አይገባም» ብለው። ብረት ይሁን ሲባል፣ 8 ሰዓት ላይ የበሩን ብረት ንኩ አሉን፤ ነካን፤ ያቃጥላል። ስለዚህ ምሰሶው ቱቦላሬ ሆኖ በኮንክሪት ይቆማል፣ መደገፊያው ግን እንጨት፤ ልጡ የተላጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ፣ እጅ ሙሉ የሚይዘው ቀጭን አጣና። ከፍታው እሳቸው ቆመው የእጃቸው አንጓ የሚደርስበት ድረስ ተለካ። ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50፣ በየ1 ሜትር ከ80 ምሰሶ፣ በአንድ ጎን ስድስት። ራስ እንዳይነካ፣ ሐረጉም ሲወርድ እንዳያስጎነብስ ከላይ 2 ሜትር ከ30። እማዬ እንጨቷን አገኘች፤ በያጁ ብረቱን አገኘ። ወንድማችን ነጭ ቀለም ይቀባ አለ፤ ተቀባ። ብሩም የሱ ነው፤ ነጭም ቢሆን የሚጎዳ ነገር የለውም።

የቀረው ምን ይተከልበት የሚለው ነበር፤ ቀላሉ መስሎን ነበር።

ቡገንቪሊያ ወዲያው ወደቀች። ለአጥር ግሩም ናት። በ1760ዎቹ ብራዚል የደረሰ የፈረንሳይ መርከበኛ ስም ይዛ፣ አበባ የሚመስለው ቀለሟ ራሱ ቅጠል መሆኑን ሳትናገር ዓለምን ያታለለች ተክል ናት፤ እውነተኛ አበባዋ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ግን እሾህ አላት። ሚዛኑ የሚስት ሰው የሚጨብጠው ነገር አጠገብ እሾህ አይተከልም።

ቅል አለ፤ በአንድ ክረምት አጥሩን ይወጣል። ታናሻችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆነ ዮናስን አነሳ። ዮናስ ከነነዌ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ቅል በራሱ ላይ ወጣችለት፤ ደስ አለው፤ በማግስቱ ትል በላትና ደረቀች፤ ፀሐይ ራሱን መታው፣ ሞትን ተመኘ። በጾመ ነነዌ የሚነበበው ታሪክ ነው። ታናሻችን ይህን ሲያወራ መሐሉ ላይ ደርሶ ቆም አለ። ሞት የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ስለሌለ ነው። ቅሉ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ፓሽን ፍሩትና ወይን ቀሩ። ይህን ያወራነው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነው። ፓሽን ፍሩት ፈጣን ነው፤ በሰኔ የተተከለ፣ ውኃ ካገኘ፣ ዓመት ሳይሞላው ሽቦውን ይሸፍናል፤ ቅጠሉም አይረግፍም። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከአራት አምስት ዓመት በላይ እምብዛም አይቆይም። ወይን በተቃራኒው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አንዱን ቀንበጥ ብቻ ትተህ ሌላውን ትቆርጣለህ፤ ወደ ላይ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ክንዱን ይዘረጋል። ጥላ የሚባል ጥላ የሚሰጠው፣ ፍሬም የሚታየው፣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየገረዙት ከሰው ዕድሜ እኩል ይኖራል።

እማዬ ወይን ነበር የምትወደው፤ አባቷ ቤት ነበረ። ግን «ፓሽኑ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርሳል» አለች።

ቶሎ። ይህች ቃል ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ቀረች። ለምን ቶሎ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንጠይቃት የለም። አንዳችን ጀበናውን አነሳን፣ አንዳችን ወደ ውጭ አየን። ሦስት ዓመት የሚፈልግ ተክል ለታመመ ሰው መትከል ምን ማለት ነው? ፈጣኑን ብንመርጥስ፣ እሳቸው የአውሮፕላን ሞተር በድምፁ የሚያውቁ ሰው፣ ምን ብለው ያነቡታል? ፈጣኑ ተክል ደግነት ነው፤ ደግነቱ ውስጥ ግን ቀን ተቆጥሮበታል። ወይኑ ተስፋ ነው፤ ዘንድሮና ከርሞ ግን ፀሐይ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ይህን ሁሉ ያሰብነው እንጂ ያወራነው አይደለም።

በረንዳውና ወጥ ቤቱ በአንድ መስኮት ነው የሚለያዩት። አባባ ጠሩን። «ወይኑ ስንት ዓመት ይፈልጋል?» አሉ።

«ሦስት» አልናቸው።

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ዘንድሮ ካልተተከለ አራት ይሆናል» አሉ። ለጎማ ወይም ለዘይት ለውጥ እንደሚያሰሉት ነው ያሉት፤ ሐዘንም ቀልድም አልነበረበትም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. አራት የወይን ቁርጥራጭ በምዕራቡ ጎን ተተከለ። ለእያንዳንዱ ጉድጓዱ ክንድ ሙሉ ተቆፈረ፣ የበሰበሰ ፍግ ገባበት። እስኪደርስ ድረስ ምን ይሁን ሲባል፣ እማዬ ገበያ ሄዳ ሰሌን ገዛች። ክረምቱ ሲወጣ ሰሌኑን ከርብራቡ ላይና ከምዕራቡ ጎን አሰርነው። ስለዚህ ብረቱ ተተክሏል፣ እንጨቱ ተሠርቷል፣ ከላዩ ግን አሁንም ዳስ ነው የተጣለው። በየዓመቱ ሰሌኑ ይቀየራል፤ ወይኑ በደረሰ ቁጥር አንድ ሰሌን ይነሳል።

ወንድማችን ሥዕል ላኩልኝ አለ፤ ላክን። የሱን ሥዕል በምንም አይመስልም፤ ሶፋ የለ፣ አምፖል የለ፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ሰሌን የለበሰ ነገር ነው። ሁለት ምልክት ታየ፤ አይቶታል ማለት ነው፤ ግን ለብዙ ጊዜ አልጻፈም። በመጨረሻ «መጀመሪያው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። የአባባ ዱላ ነው አልነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ እዚያ ይሰቅሉታል።

አንዱን ወይን የጎረቤት ፍየል እስከ ግንዱ በልታዋለች። አባባ ዙሪያውን እሾህ ይታጠር ብለዋል፤ እስከ ዛፉ ደርሰው ቦታውን በዱላ ለማሳየት ራሳቸው ሄደዋል። ቅዳሜ እንወርዳለን፤ የሚመጣ ካለ መቁረጫ ይያዝ።